ሜዲካል ኮደር ምንድን ነው የሚሠራው?

እናቴ «ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ብላ ታወራለች። ከዚያ ስልኩ ለጎረቤት ይተላለፋል። እትዬም የወገባቸውን ነገር ከሥር መሠረቱ ያስረዱኛል። ምን ልበላቸው? እኔ መርፌ ይዤ አላውቅም። በሥራዬ አንድም በሽተኛ አይቼ አላውቅም። ሆስፒታል የምሄደው ራሴን ሲያመኝ ነው። ቨርጂኒያ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጬ የሰው ካርድ ሳነብ ነው የምውለው።

ካርድ ያልኩት እንዲገባችሁ ነው። ሀገር ቤት ሐኪም ጋ ስንሄድ መጀመሪያ ካርድ እናወጣለን። የተባለውና የተደረገው ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል። ታካሚው ሲወጣ እሱ ወደ ቤቱ፣ ካርዱ ወደ ካርድ ክፍል። እዚህ አሜሪካ ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ታካሚው ከወጣ በኋላ ግን ዝም ብሎ አይዘጋም። መጀመሪያ እኔን መሰል ሰው እጅ ይገባል። ሐኪሞቹ የጻፉትን፣ ኦፕራሲዮን ክፍል የተደረገውን፣ መድኃኒቱን፣ የላብራቶሪ ውጤቱን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን በሽታና እያንዳንዱን ሕክምና በፊደልና በቁጥር ወደተሠራ ኮድ እለውጣለሁ። ሜዲካል ኮዲንግ ይኸው ነው። ኮዱ ካልገባ ሂሳቡ ወደ ኢንሹራንስ አይሄድም። ሂሳቡን የሚልኩትና ከኢንሹራንስ ጋር የሚጨቃጨቁት ቢለሮች ናቸው። ብዙ ሰው ከእኛ ጋር ያምታታቸዋል።

የበሽታዎቹ ኮድ አይሲዲ ይባላል። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዣክ በርቲዮን የተባለ ፈረንሳዊ ሰው የሚሞትባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሮ አቀረበ። የአይሲዲ መነሻው እሱ ነው። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበው። ሙታንን ለመቁጠር የተጀመረ ዝርዝር እኮ ነው ዛሬ የሕያዋንን ሂሳብ የሚያስከፍለው። አሜሪካ የራሷ የተስፋፋ ቅጂ አላት። ድሮ ወደ 14,000 ገደማ ኮድ ነበረው። ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ወደ አይሲዲ-10 ሲዞሩ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ወደ 70,000 ገደማ ደረሰ። በየዓመቱም ኦክቶበር ላይ ይታደሳል፤ የሚጨመር አለ፣ የሚሰረዝ አለ።

ይህ ሁሉ ኮድ ምን ያደርጋል? አንዲት ሴት በረዶ አዳልጧት ወድቃ የቀኝ እጇን ተሰበረች እንበል። ኮዱ ኤስ52.501ኤ ነው። «ኤስ52» የክንድ አጥንት ስብራት መሆኑን ይናገራል። «5» ስብራቱ ወደ እጅ አንጓው መሆኑን። «0» ሐኪሙ የስብራቱን ዓይነት አለመግለጹን። «1» ቀኝ እጅ መሆኑን። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» ደግሞ ገና በዋናው ሕክምና ላይ መሆኗንና አጥንቱ ቆዳ ቀዶ አለመውጣቱን። ከሳምንታት በኋላ እየዳነች ለክትትል ስትመጣ «ኤ» ወደ «ዲ» ትቀየራለች። ግራ እጅ ቢሆን «1» ቦታዋን ለ«2» ትለቃለች። በዚህ ላይ በረዶ አንሸራቷት መውደቋ የራሱ ኮድ አለው። በዶሮ መነቆርም አለው፣ ደብሊው61.33። ቀልድ አይደለም። ለበዓል ዶሮ ይዞ የሚያውቅ ሰው ግን ምን ያስቃል ሊለኝ ይችላል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉን ነው። ኮድ ፍለጋ ላይ ሶፍትዌሩም ያግዛል። የሚያደክመው ንባቡ ነው።

አንድ ካርድ ላሳያችሁ። ታካሚውን ማንም እንዳይለይ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ በትኩሳት ገብተው አምስት ቀን ተኝተዋል። ዶክተሩ በመውጫ ማጠቃለያው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፈዋል፦ «ዩሮሴፕሲስ»። ለሐኪም ቃሉ ግልጽ ይመስለኛል። ለእኔ ግን ቃሉ ኮድ የለውም። መመሪያው ራሱ ዩሮሴፕሲስ የሚል ካገኘህ ዶክተሩን ጠይቅ ይላል። ምክንያቱም አንዱ ሐኪም ሲጽፈው ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ማለቱ ነው። ሌላው ኢንፌክሽኑ ከሽንት ቧንቧ አልፎ መላ ሰውነትን ያናወጠ ሴፕሲስ ሆኗል ማለቱ ነው። በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ።

ልዩነቱ በገንዘብም ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ከ1983 ወዲህ ሆስፒታሎችን የሚከፍለው ስንት ቀን አስተኛችሁ ብሎ አይደለም። ተኝቶ ታካሚው ከኮዶቹ በመነሳት ዲአርጂ የሚባል ምድብ ውስጥ ይገባል። ምድቡ ዋጋ አለው። ሴፕሲስ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የበለጠ ያስከፍላል። አንዲት ፊደልም ብር ናት። እያንዳንዱ በሽታ ታካሚው ሲገባ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚል የአንድ ፊደል ምልክት ይደረግበታል። ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ የአልጋ ቁስል ሆስፒታል ውስጥ የመጣ ከሆነ ሜዲኬር ለእሱ ብሎ ጭማሪ አይከፍልም። ነርሷ ታካሚው በገቡበት ምሽት ጀርባቸውን ገልጣ አይታ ካልጻፈች ከቤት ይዘውት ቢመጡም ማስረዳት ከባድ ነው።

ስለዚህ ለዶክተሩ ጥያቄ ጻፍኩ። «ሴፕሲስ ነው አይደል?» ብዬ ግን መጻፍ አልችልም። መልስ ማስጎረስ ክልክል ነው። ገንዘብ የሚል ቃልም አይነሳም። ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ እደረድራለሁ፦ ትኩሳት 38.4፣ ነጭ የደም ሴል ከፍ ያለ፣ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያየው ምርመራ) ምንም አላበቀለም። ከዚያ ምርጫ እሰጣለሁ፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ፣ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመጣ ሴፕሲስ፣ ሌላ፣ ለመወሰን አይቻልም።

ሰዉ የማይገባው እዚህ ጋ ነው። የሰውየው ሶዲየም 128 ነው። ዝቅተኛ ነው፣ እኔም አውቃለሁ። በጉሉኮስ ፋንታ የጨው ውኃ እንደተሰቀለላቸውም አያለሁ። ዶክተሩ ግን «ሶዲየም ቀንሷል» የሚል ምርመራ የትም አልጻፉም። ኮድ ማድረግ አልችልም። ከቁጥር ተነስቶ በሽታ መሰየም የሐኪም ሥራ ነው። የእኔ ሥራ ሰውየውን ያመማቸውን ሳይሆን አመማቸው ተብሎ የተጻፈውን መመዝገብ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

«ምናልባት» የምትለዋ ቃል ደግሞ ለብቻዋ ጉድ ናት። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ማጠቃለያ ላይ «የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም» ከተባለ የሳንባ ምች እንዳለ አድርገን ኮድ እናደርጋለን። ተመላላሽ ታካሚ ላይ ያው ቃል ከተጻፈ ግን አይሆንም፤ ሳሉን ወይ ትኩሳቱን ነው የምንመዘግበው። እኔ እንኳ ይህን ደንብ ከለመድኩት ዓመታት አልፈው ዛሬም ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

በየማኅበሩ የሚጠይቁኝ ልጆች ግን ይህን አይደለም የሚፈልጉት። «ከቤት ነው የሚሠራው? ስንት ወር ይፈጃል?» ነው። ከቤት መሥራት ይቻላል። የኮደርነት ምስክር ወረቀት የሚያስገኘው፣ ሲፒሲ የሚባለው ፈተና 100 ጥያቄ ነው፣ ለ4 ሰዓት፣ የኮድ መጻሕፍቱን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። መጽሐፍ ይዞ መግባት ቀላል አያደርገውም፤ ገጹን የማያውቅ ሰው ሰዓቱ ያልቅበታል። የሰውነት ክፍሎችን ስም በደንብ ማወቅ ግድ ነው። ፈተናውን ያለ ልምድ ካለፋችሁ ማዕረጋችሁ ላይ «ኤ» ትለጠፋለች፣ ጀማሪ ማለት ነው። እሷን ይዞ የመጀመሪያውን ሥራ ማግኘት ከፈተናው ይብሳል። እኔ ወደ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። በመሃል ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ መዝጋቢ ሆኜ ሠራሁ፤ በሩ የተከፈተልኝም በዚያ ነው። «በስድስት ሳምንት ኮደር እናደርጋችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ብራችሁን ያዙ።

የሰውየው ካርድ ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ቆየ። አለቃዬ ሁለቴ ጠየቀችኝ፣ ሂሳቡ ቆሟልና። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ መለሱ። የመጀመሪያውን ምርጫ ነው የነኩት፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ። ኤን39.0 ብዬ አስገባሁና ዘጋሁት። ቀጣዩ ካርድ 412 ገጽ ነበር።