ገርሽዊን በአሥር ጣት፦ ለፒያኖ ብቻ የተመለሱ ሥራዎቹ

አንድ ፒያኖ ተጫዋች ስቱዲዮ ገብቶ የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆርጅ ገርሽዊንን ሥራዎች ብቻውን ልቅረጽ ቢል፣ ገና ፒያኖውን ሳይነካ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የትኛውን ገርሽዊን? ቀልድ አይደለም። ለአንድ ዘፈን ሁለት ሦስት ዓይነት የፒያኖ ቅንብር ሊኖር ይችላል። አንዱን ገርሽዊን ራሱ ጽፎታል። ሌላውን አንድ ሰው ከአሮጌ ሸክላ እያዳመጠ ወደ ኖታ ገልብጦታል። ሌላውን ደግሞ ገርሽዊን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ፒያኒስት እንደ አዲስ ሠርቶታል።

በሙዚቃው ዓለም ሁሉም ትራንስክሪፕሽን ይባላሉ። ለኦርኬስትራ ወይም ለድምፃዊ የተጻፈን ሥራ ለሌላ መሣሪያ መመለስ ትራንስክሪፕሽን ነው። በጆሮ የተሰማን አጨዋወት በኖታ ማስፈርም እንዲሁ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሁለቱ ሥራዎች በጣም ይለያያሉ። ገርሽዊን ላይ ሲደርስ ግን ይቀላቀላሉ፤ ምክንያቱም ሰውየው ኖታ ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት ፒያኖ ተጫዋች ነበር።

የተወለደው በ1898 ብሩክሊን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወላጆቹ ከሩሲያ የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ። ቤተሰቡ ፒያኖ የገዛው ለታላቅ ወንድሙ ለአይራ ነበር፤ ወንበሩን የያዘው ግን ጆርጅ ሆነ። አይራም ቅር አላለውም፤ በኋላ የዘፈኖቹ ግጥም ጸሐፊ ሆነ። ጆርጅ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሬሚክ በተባለ የኖታ አሳታሚ ቤት በሳምንት 15 ዶላር ተቀጠረ። ሥራው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ አዳዲስ ዘፈኖችን ለደንበኛ ማሰማት ነበር። ያው የዛሬው ፕሮሞሽን ማለት ነው። አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ የሚደጋግም ልጅ፣ ለራሱም እንዳይሰለቸው መለዋወጡ አይቀርም።

ልማዱ አልለቀቀውም። ታዋቂ ከሆነ በኋላም ግብዣ ላይ ፒያኖ ካየ አይነሳም ነበር። የራሱን ዘፈኖች እየለዋወጠ፣ እያስረዘመ፣ ምቱን እያዛነፈ ይጫወታል። ከዚያ ጨዋታ ጥቂቱ በ1932 ወረቀት ላይ ሰፈረ። በዚያ ዓመት የወጣው የዘፈን መጽሐፉ 18 ዘፈኖችን ይዟል። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ቀርቧል፤ አንዴ ለድምፃዊ በታተመበት መልክ፣ አንዴ ደግሞ ገርሽዊን ለፒያኖ ብቻ በሠራው መልክ። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ሞቅ ሲል ያልቃሉ። «ዘ ማን አይ ላቭ» እና «አይ ጋት ሪዝም» እዚያ ውስጥ አሉ።

የመጽሐፉ መግቢያ ለሚቀርጽ ሰው ከኖታው ያላነሰ ይጠቅማል። ገርሽዊን በሾፓን የክላሲካል ሙዚቃ ያደጉ ፒያኒስቶች ፔዳሉን፣ ድምፁን የሚያስረዝመውን የእግር መርገጫ፣ ያበዙታል ብሎ ያስጠነቅቃል። የአሜሪካ ተወዳጅ ሙዚቃ ምቱ ደረቅና ቆራጥ ነው፤ ተቆርጦ ሲመታ ነው የሚያምረው ባይ ነው። ብዙ ቅጂዎች ይህን ምክር አልሰሙም። ዜማው ጣፋጭ ስለሆነ እጅ ሳያውቀው ወደ ማባበል ይሄዳል።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ እንለፍ። «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የካቲት 12 ቀን 1924 ኒውዮርክ፣ ኤዎሊያን አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። የፖል ዋይትማን ባንድ ተጫወተ፣ ፒያኖው ላይ ገርሽዊን ነበር። ሥራውን መጀመሪያ የጻፈው በሁለት ፒያኖ መልክ ነው። ለባንዱ መሣሪያዎች ያከፋፈለው የዋይትማን አቀናባሪ ፈርዲ ግሮፌ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ለፒያኖ ብቻ መመለስ ስደተኛን ወደ አገሩ እንደመመለስ ነው። ጊዜ አጥሮ ስለነበር በዚያ ምሽት ከፒያኖው ድርሻ ገና ያልተጻፈ ክፍል ነበር። የዋይትማን ኖታ ላይ ያለው የጭንቅላት ምልክት እስኪሰጥህ ጠብቅ የሚል ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ገርሽዊን ተጫውቶ ሲያበቃ ራሱን ይነቀንቃል፣ ባንዱ ይገባል። ያን ምሽት በዚያ ክፍተት ውስጥ ምን እንደተጫወተ በትክክል የሚያውቅ የለም።

ለፒያኖ ብቻ የተዘጋጀው ኖታ በ1927 ታተመ። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ገና በመነሻው ይመጣል። በባንዱ ቅንብር ክላሪኔቱ ከታች ተነስቶ እንደ ሳይረን እየጮኸ ሽቅብ ይንሸራተታል። ያን መንሸራተት የባንዱ ክላሪኔት ተጫዋች ሮስ ጎርማን ልምምድ ላይ ያመጣው ነው፤ ገርሽዊን ወደደውና ቀረ። ፒያኖ ላይ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። ድምፁ ደረጃ እንጂ ተዳፋት አያውቅም። ፒያኒስቱ ያለው አማራጭ ድምፆቹን በፍጥነት ማዥጎድጎድና ጆሮን ማታለል ነው። ሁለተኛው ፈተና ድካም ነው። ከኦርኬስትራ ጋር ሲሆን ፒያኒስቱ ያርፋል፣ ሌሎች ይጫወታሉ። ብቻውን ሲሆን የነሐሱንም የከበሮውንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል። ፒያኒስቱ አንድሬ ዋትስ በ1970ዎቹ ይህን ለብቻ የሚሆን ቅንብር ቀርጿል።

ሌላው ምንጭ የፒያኖ ጥቅል ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ የተበሳ ረጅም ወረቀት በልዩ ፒያኖ ላይ ሲዞር ቁልፎቹ በራሳቸው ይመታሉ። ገርሽዊን ከ1916 ጀምሮ ከመቶ በላይ ጥቅል ሠርቷል፤ አንዳንዶቹን በሐሰት ስም። ጥቅል ግን ያሞኛል። ወረቀቱ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ መብሳት ይቻላል፣ አንዱ አጨዋወት ላይ ሌላ መደረብም ይቻላል። የ«ራፕሶዲ» ጥቅል ላይ ገርሽዊን የብቸኛውን ፒያኖም የባንዱንም ድርሻ ራሱ ይጫወታል። የኦርኬስትራ መሪው ማይክል ቲልሰን ቶማስ በ1976 ዘዴ አመጣ። የባንዱን ቀዳዳዎች አስደፍኖ፣ የቀረውን የገርሽዊን ድርሻ ከእውነተኛ የጃዝ ባንድ ጋር ቀረጸው። ፒያኒስቷ አርቲስ ዎድሃውስ ደግሞ ጥቅሎቹን ወደ ኮምፒውተር አስገብታ በያማሃ ዲስክላቪየር፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ራሱን በሚጫወት ፒያኖ፣ አሰማቻቸው። ያ አልበም በ1993 ወጣ። ከሸክላዎች ላይ የገርሽዊንን ፈጠራ ወደ ኖታ የገለበጠችውም እሷ ናት።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ድፍረት ነው፤ ስሙም ኧርል ዋይልድ። ፒትስበርግ ተወልዶ በ2010 በ94 ዓመቱ ያረፈ ፒያኒስት ነው። በ1942 ታዋቂው የኦርኬስትራ መሪ ቶስካኒኒ «ራፕሶዲ»ን ሲመራ የፒያኖውን ድርሻ የተጫወተው እሱ ነበር። በ1970ዎቹ ሰባት የገርሽዊን ዘፈኖችን ወደ ጥበበኛ ኤቱዶች፣ ማለትም የጣት ችሎታን ወደሚፈትኑ አጫጭር ሥራዎች፣ ቀየረ፤ ከገርሽዊን «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ኦፔራ ዜማዎች ደግሞ አንድ ትልቅ ፋንታሲ፣ ማለትም በነፃነት የተያያዘ ሥራ፣ ሠራ። ሁሉንም ራሱ ቀርጿቸዋል። መንገዱ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፒያኒስት የሊስት ነው፤ ሊስትም በዘመኑ ሰው የሚያውቃቸውን ኦፔራዎች ወደ ፒያኖ ይመልስ ነበር። የዋይልድ «ኢምብሬሰብል ዩ» ሲጫወት ዜማው መሐል ላይ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ዙሪያውን ድምፅ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ሁለት እጅ ነው ቢሉ ለማመን ይከብዳል። ለእኔ ጆሮ ፋንታሲው አንዳንዴ ጌጡ ይበዛበታል። የኦፔራው «ሳመርታይም» የእናት እሹሩሩ ነው፤ ያን ያህል ሐር አይፈልግም። ኤቱዶቹ ላይ ግን ለነቀፋ አፍ አያስከፍትም።

አውስትራሊያዊው ፐርሲ ግሬንጀርም «ዘ ማን አይ ላቭ» እና «ላቭ ዎክድ ኢን»ን ለፒያኖ መልሷል። የእሱ ከዋይልድ ይልቅ ጥሞና አለው።

ገርሽዊን በ1937 በአንጎል ዕጢ ሞተ፤ ገና 38 ዓመቱ ነበር። የራሱ እጅ ግን ከጥቅሉ ሌላ በሸክላም ቀርቷል። በ1928 ለንደን ውስጥ ሦስቱን ፕሪሉዶች፣ ማለትም አጫጭር የፒያኖ ሥራዎቹን፣ እና የ«ራፕሶዲ»ን ዝግተኛ ክፍል ለብቻው ቀርጿል። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ አጨዋወቱ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሌሎች ፒያኒስቶች እየተነፈሱ፣ እየዘገዩ፣ አንገታቸውን እየሰበሩ የሚጫወቱትን ዜማ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄድበታል። ፔዳል የለም ማለት ይቻላል።