«ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ይገባል» እያላችሁ ትኬት ለምትገዙ፦ የዱባይና የአቡዳቢ የልጆች ፓርኮች ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቲኬት ቢሮ ውስጥ ስሰራ ብዙ ዓመቴ ነው። ወሎን ታውቁታላችሁ፣ አረብ ሀገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ እህት ዱባይ አለች፣ አጎት አቡዳቢ አለ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ወይ ለኢድ «ልጆቹን ይዛችሁ ኑ እንጂ» ይባላል፣ ከኮምቦልቻ ቦሌ ከቦሌ ዱባይ ይቆረጣል። ትኬቱ ካለቀ በኋላ ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፣ «ለልጆች የትኛው ፓርክ ነው ምርጡ?» እኔ ስንት ልጅ ነው፣ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው፣ ቁመታቸውስ ብዬ ሳልጨርስ ቲክቶክ ላይ ያዩትን ይነግሩኛል። ያዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። በተለይ አንዱን ነገር መስማት በጣም ስለደከመኝ ነው ዛሬ የምጽፈው፣ እሱን ወደ መሀል ላይ ታገኙታላችሁ። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

«ዱባይ ዲዝኒላንድ አለ»

የለም። የዲዝኒ ፓርኮች ያሉት ስድስት ቦታ ነው፦ ካሊፎርኒያ (1955)፣ ፍሎሪዳ (1971)፣ ቶኪዮ (1983)፣ ፓሪስ (1992)፣ ሆንግ ኮንግ (2005)፣ ሻንግሃይ (2016)። ሰባተኛው አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ እንደሚሰራ በግንቦት 2025 ተነግሯል፣ ወሬው ከዛ ነው የመጣው መሰለኝ፣ ግን የተነገረው ሊሰራ መሆኑ ነው። አንዲት እናት ለልጇ ዲዝኒ እንሄዳለን ብላ የልዕልት ቀሚስ አሰፍታላት፣ ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ ነው ቢሮዬ የመጣችው፣ እናትየውን ወደ ጎን ጠርቼ ስነግራት ፊቷ ልውጥ አለ። እባካችሁ ለልጅ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

«ፌራሪ ወርልድ ዱባይ ነው፣ ሁሉም እዛው እዛው ናቸው»

ፌራሪ ወርልድ ዱባይ አይደለም፣ አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ ነው፣ በ2010 ነው የተከፈተው። ከዱባይ አቡዳቢ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ነው፣ በኛ ሲታሰብ ከደሴ ወልዲያ የሚበልጥ ማለት ነው፣ መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው የሚፈጀው፣ ግን ዱባይ ደይራ ሰፈር ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ጠዋት ሄዶ ማታ ሲመለስ መንገዱ ራሱ አንድ ስራ ነው።

በሁለት ክምር አስቡት። አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ ፌራሪ ወርልድ፣ ዋርነር ብሮስ ወርልድ (2018)፣ የውሃው ያስ ዋተርወርልድ (2013) እና ሲወርልድ (2023) ተቀራርበው አሉ፣ ደሴቷ ውስጥ የሚያመላልስ ነፃ ባስም አለ። ዱባይ ደግሞ ጀበል አሊ በኩል ወደ አቡዳቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ሌጎላንድ (ሌጎ በሚባሉት የሚገጣጠሙ የመጫወቻ ጡቦች የተሰየመው)፣ የሌጎላንድ የውሃ ፓርክ እና ሞሽንጌት (የፊልም ፓርኩ) አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ሌጎላንድና ሞሽንጌት በ2016፣ የውሃው ፓርክ በ2017 መጀመሪያ ነው የተከፈቱት። አይኤምጂ ወርልድስ (2016) ለብቻው ዱባይ ሌላ ሰፈር ነው። ዘመዳችሁ ዱባይ ከሆነ የዱባዩን፣ አቡዳቢ ከሆነ የያስን አስቀድሙ፣ ግማሹ ጥያቄያችሁ እዚሁ ላይ ተመለሰ።

እዛው ግቢ የነበረው ቦሊውድ ፓርክ በ2023 ተዘግቷል። ህንድ ፊልም የምትወዱ እናቶች አዝናለሁ፣ የድሮ ቪዲዮ ነው ያያችሁት።

«በእኛ ክረምት ሙቀቱ ልጅ ይገድላል፣ ፓርክ አይታሰብም»

ሙቀቱ እውነት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ ለደሴ ልጅ በጣም ከባድ ነው። ግን ዋርነር ብሮስ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው፣ አይኤምጂም፣ የፌራሪ ወርልድም ትልቁ ክፍል ጣሪያ ስር ነው፣ ኤሲው እንዲያውም ያስነጥሳል፣ ለትንንሾቹ ሹራብ ያዙ። በክረምት ቀን ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌጎላንድ ነው፣ ብዙው ነገር ውጪ ነው፣ ጣሪያ ስር ያለው ከተሞች በሌጎ ጡብ ተሰርተው የቆሙበት ሚኒላንድ ነው፣ 17 ሜትር የሚሆን የሌጎ ቡርጅ ከሊፋ ቆሞበታል፣ ፀሀይዋ ስትበረታ ልጆቹን እዛ አስገቡ። ግሎባል ቪሌጅን፣ የዱባዩን የሜዳ ላይ ገበያና መዝናኛ ግን እርሱት፣ በጥቅምት አካባቢ ተከፍቶ በሚያዝያና ግንቦት መሀል ይዘጋል፣ በኛ ክረምት ዝግ ነው።

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው እኮ፣ ለምን አይገባም!»

እሺ፣ እዚህ ጋ ረጋ ብለን እናውራ፣ ምክንያቱም የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው።

ፓርክ ውስጥ ያሉ ትልልቅ መጫወቻዎች የሚጠይቁት ዕድሜ ሳይሆን ቁመት ነው። ቁመት! በሩ ላይ መለኪያ ዱላ የያዘ ሰራተኛ ይቆማል፣ የልደት ካርድ አይጠይቅም፣ ፓስፖርት አያይም፣ ልጁ ምልክቱ ላይ ደረሰ አልደረሰም ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ልጁን የሚይዘው ትከሻና ጭን ላይ የሚወርደው ብረት የተሰራው ለተወሰነ የሰውነት መጠን ነው፣ ልጁ ካነሰ በብረቱና በሰውነቱ መሀል ክፍተት ይኖራል፣ ያ ነገር ሲገለበጥና በፍጥነት ሲዞር ልጁ ሊሾልክ ይችላል። ስለዚህ መለመን የለም፣ «ከሩቅ ሀገር ነው የመጣነው» አይሰራም፣ ደግሞም መስራት የለበትም። ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች አንዱ 125 ሴንቲ ሌላው 141 ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሆነው እንኳ። የፌራሪ ወርልዱ ፎርሙላ ሮሳ፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበረው፣ ልጆቻችን ሁሉ ቪዲዮውን በቃላቸው የሚያውቁት፣ 140 ሴንቲ ይላል። 139 አይገባም።

ይሄን ከወረቀት አይደለም የማውቀው። የእህቴን ሦስት ልጆች ይዤ ሄጄ ነበር፣ አራት፣ አስርና አስራ አራት ዓመት ነበሩ፣ የቱ ፓርክ እንደነበር ይቅር፣ ጥፋቱ የእኛ ነውና። የመረጠው የአስራ አራት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ስለሚበልጥ። መሀለኛው ስለ ሮለር ኮስተሩ ወራት ሙሉ ሲያወራ ነው የከረመው። ሃምሳ ደቂቃ ሰልፍ ቆመን ተራችን ሲደርስ ሰራተኛው ዱላውን አምጥቶ ልጁ አጠገብ አቆመው፣ ከላይ አግድም የወጣ እንጨት አለው፣ የልጁ ፀጉር እንጨቱን ነካ። ደስ አለኝ። ሰራተኛው ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ፣ ተረከዙን አንስቶ በጣቱ ነው የቆመው፣ በእጁ ወደ ታች ምልክት ሰጠው፣ ተረከዙ መሬት ሲነካ በእንጨቱና በፀጉሩ መሀል የሁለት ጣት ስፋት ታየ። 138። ልጁ አላለቀሰም፣ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም ብሎ ከሰልፉ ወጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አይስክሬም ገዝቼለት እጁ ላይ ቀለጠ። የአራት ዓመቷ ለሷ የሚሆን ብዙ ነገር ስላልነበረ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ትልቁ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን ወረደ፣ አብሮት የሚጮህ ሰው ስለሌለ እሱም ፊቱ አልፈካም። ለአራት ሰው ከፍለን አንድ ሰው ተጫወተ፣ ደሴ እያለን ሜትር አውጥተን ብንለካው ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ከዛ ከመጣሁ በኋላ የቢሮዬ በር መቃን ላይ በማርከር መስመር አስምሬያለሁ፣ 1 ሜትር፣ 1 ከ20፣ 1 ከ30፣ 1 ከ40። ልጅ ይዞ የመጣ ሁሉ ይለካል። ጫማ አስወልቃችሁ ለኩ፣ ያለ ጫማ ካለፈ እዛም ያልፋል። ከዛ የእያንዳንዱን መጫወቻ ቁመት ፓርኩ ድረገፅ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ልጁን ከአገር ሳይወጣ አሳዩት፣ «ይሄ ይሆንሃል፣ ይሄ የሚቀጥለው ዓመት» በሉት። ቤቱ የሰማው ልጅ በር ላይ አይሰበርም።

«ትልቁ ከተደሰተ ትንሹም ይደሰታል»

የዛኛው ስህተት ወንድም ነው ይሄ። አይደሰትም። ከትንሹ ጀምራችሁ ምረጡ፣ ትልቅ ልጅ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይችላል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ግን አይችልም፣ ሲያለቅስ ደግሞ ቀኑ የሁላችሁም ነው የሚበላሸው። ግን የተገላቢጦሹም አለ፣ «ለልጆች ነው» ተብሎ የአስራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሌጎላንድ ይወሰዳል። ሌጎላንድ የተሰራው ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ ራሳቸው ናቸው እንደዛ የሚሉት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ራሱ ትንሽ መኪና የሚነዳበት ቦታ አለ፣ ገነት ነው ለሱ፣ ለጎረምሳው ግን ስልክ ላይ መዋያ ነው።

እና ማወዳደር ካለብን እንዲህ ነው የማወዳድረው፦ ሁሉም ልጆች ከአስራ ሁለት በታች ከሆኑ ሌጎላንድ ተወዳዳሪ የለውም፣ ሙቀቱ ካልከለከላችሁ። ሁሉም 140 ያለፉና ፍጥነት ወዳድ ከሆኑ ፌራሪ ወርልድ። ዕድሜያቸው የተራራቀ ከሆነ፣ ብዙው የወሎ ቤተሰብ እንደዛ ነው፣ ዋርነር ብሮስን ነው የምመርጠው፣ ለትንንሾቹ የነ ቶምና ጄሪ ሰፈር አለ፣ ለትልልቆቹ የባትማን፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ስር ስለሆነ ቤተሰቡ ቢበተንም በቀላሉ ይገናኛል። አይኤምጂም በዚህ በኩል ጥሩ ነው፣ ካርቱን አለ ዳይኖሰር አለ። ሌላው መንገድ ዱባይ ላይ መከፈል ነው፣ አባት ትልልቆቹን ይዞ ሞሽንጌት፣ እናት ትንንሾቹን ይዛ ሌጎላንድ፣ ግቢው አንድ ስለሆነ ምሳ ላይ ትገናኛላችሁ። አያት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሲወርልድ፣ ዓሣና ዶልፊን ለማየት ቁመት አይጠየቅም።

ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ወላጆች ሁለታችሁም መጫወት ከፈለጋችሁ ደግሞ በሩ ላይ ጠይቁ፣ አንዱ ልጁን ይዞ ቆይቶ ሌላው ሲወርድ ሳይሰለፍ የሚገባበት አሰራር ያላቸው ፓርኮች አሉ፣ ሌጎላንድ አለው። ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

«ሁለት ፓርክ በአንድ ቀን እንጨርሳለን»

ትንሽ ልጅ ከሌለ ይሞከራል። ካለ ግን ተዉት። የልጅ ጋሪ ያዙ፣ አምስት ዓመት ሞልቷታል አድጋለች አትበሉ፣ እዛ የሚኬደው ከፒያሳ ሸዋ በር ደርሶ የመመለስ ያህል ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ነው። በሩ ሲከፈት ድረሱ፣ ሰው የሚበዛበትን ትልቁን መጫወቻ መጀመሪያ ጨርሱ፣ ከምሳ በኋላ ትንሹ ይተኛ።

«ሰው የሚበዛው ሐሙስና አርብ ነው»

ድሮ ነበር፣ በኋላ ደግሞ አርብና ቅዳሜ ሆነ። ከ2022 ጀምሮ ሀገሪቱ (ኤምሬትስ) ቅዳሜና እሁድ ነው የምታርፈው፣ አርብ ግማሽ ቀን ይሰራባታል። ሰኞ ወይ ማክሰኞ ሂዱ፣ ድሮ አረብ ሀገር የኖሩ አክስቶቻችን ናቸው በዚህ የሚያሳስቱት።

«ሂጃብ ለባሽ ውሃ ፓርክ አትገባም»

ትገባለች። ከዋና ልብስ ጨርቅ የተሰራ ቡርኪኒ ይፈቀዳል፣ የማይፈቀደው ሰፊ የአዘቦት ቀሚስ ነው፣ እሱም ስላይድ ላይ ስለሚይዝ ለደህንነት ነው። መስገጃ ቦታም አለ፣ አብሽሩ።

«ህፃን ልጅም ሙሉ ይከፍላል»

ትንንሾቹ በነፃ ይገባሉ፣ ሌጎላንድ ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው። ሌላው በዕድሜ ወይ በቁመት ይለያል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ድረገፁን እዩ፣ ዋጋውም እዛ በር ላይ ከመግዛት በኦንላይን ቀድሞ መግዛት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

«ዱባይ ያልሄደ ልጅ አልተዝናናም»

ይሄን ቲኬት እየሸጥኩ መናገሬ ይገርማችሁ ይሆናል፣ ግን ሁሉም ልጆቻችሁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ለምን ያን ሁሉ ብር ታወጣላችሁ፣ አያስታውሱትም። አዲስ አበባ አንድነት ፓርክ አንበሳ ያያሉ፣ ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ይንቦራጨቃሉ፣ ሲያድጉ ትሄዳላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት ሦስት ልጆች ይዛ መጣች፣ ፌራሪ ብቻ ነው የምንሄደው ብላ ቁርጥ አድርጋ። በሩ ላይ ለካኋቸው፣ 96፣ 118፣ 138። 138 የሆነው ልጅ ሲለካ ተረከዙን ሊያነሳ ሲል ትከሻውን ያዝ አደረግኩት። እናትየዋ መስመሩን አየች፣ እኔን አየች፣ «በቃ ዋርነር ብሮስ ይሁን፣ ፌራሪ ከደረሰ ደግሞ በሌላ ቀን ከአባቱ ጋር» አለች። በረራቸው ሐምሌ ነው፣ ቁመታቸውን ከነቀኑ የቲኬቱ ፕሪንት ጀርባ ላይ ጻፍኩላት፣ ከመሄዳቸው በፊት መጥተው እንደገና ይለካሉ፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ በአራት ወር ሁለት ሴንቲ ሊጨምር ይችላል።