አልባትሮስ ቢ.2፦ መሣሪያ ያልነበረው የጀርመን ቃኚ አውሮፕላን

አልባትሮስ ቢ.2 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የጀርመን ጦር ከተጠቀመባቸው ባለ ድርብ ክንፍ የቅኝት አውሮፕላኖች አንዱ ነው። በ1914 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ አገልግሎት ገባ፤ በግንባር የቆየው ለአጭር ጊዜ ሲሆን በማሠልጠኛነት ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ዘለቀ። እንደ ቃኚ ሲመዘን ብዙ ጉድለት ነበረበት። እንደ ማስተማሪያ ግን ከዘመኑ አውሮፕላኖች ጥቂቶቹ ብቻ ይስተካከሉት ነበር።

አምራቹ የአልባትሮስ ኩባንያ በ1909 መጨረሻ ላይ በርሊን ዳር ባለው የዮሐኒስታል አየር ማረፊያ ተቋቋመ። ንድፉን ያወጣው ኧርንስት ሃይንክል እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ሃይንክል በኋላ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ፣ በ1939 የዓለምን የመጀመሪያ የጄት አውሮፕላን ሠርቶ ያስበረረው ሰው ነው። ቢ.2 ከቀዳሚው ከቢ.1 አጠር ያለ ክንፍ ነበረው፤ ያም ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ 12.8 ሜትር ይደርሳል። አካሉ በእንጨት አጥንት ላይ ኮምፔንሳቶ ተለብጦበት የተሠራ ሲሆን፣ ክንፉ ደግሞ ጨርቅ የለበሰ ነበር። ሁለቱን ክንፎች ምሰሶዎችና የተወጠሩ ሽቦዎች ያያይዟቸዋል።

የስሙ ፊደል የጦሩ አመዳደብ ነው። «ኤ» መሣሪያ የሌለው ባለ አንድ ክንፍ፣ «ቢ» መሣሪያ የሌለው ባለ ድርብ ክንፍ፣ «ሲ» ደግሞ የታጠቀ ባለ ድርብ ክንፍ ማለት ነበር። በ1914 አውሮፕላን መታጠቅ አለበት ብሎ አጥብቆ የሚከራከር አዛዥ እምብዛም አልነበረም። ከአውሮፕላን የሚፈለገው ፈረሰኛ ሲሠራው የኖረውን ሥራ ማከናወን ነበር፦ ጠላት የት እንዳለና ወዴት እንደሚንቀሳቀስ አይቶ መመለስ።

በውስጡ የነበረው የማዕረግ ሥርዓት ለዛሬ አንባቢ ግራ ያጋባል። የአውሮፕላኑ አለቃ አብራሪው አልነበረም፤ ካርታና እርሳስ ይዞ የሚቀመጠው ቃኚ መኮንን ነበር። አብራሪው ብዙውን ጊዜ ከበታች ሹማምንት የሚመደብ ሲሆን፣ የሚታየውም እንደ ሹፌር ነበር። ወታደሮቹ በቀልድ አብራሪውን «ኤሚል»፣ ቃኚውን «ፍራንዝ» ይሏቸው ነበር።

ትልቁ ጉድለት ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። አለቃው ከፊት፣ አብራሪው ከኋላ ይቀመጣሉ። የፊተኛው ወንበር በሁለቱ ክንፎች መካከል ስለሚውል፣ መሬቱን እንዲያይ የተላከው ሰው ቁልቁል ሲመለከት የታችኛው ክንፍ ይጋርደዋል። ከፊቱ ሞተሩ፣ ከራሱ በላይ የላይኛው ክንፍ፣ በግራና በቀኝ ምሰሶና ሽቦ አለ። ከሁለቱ የተሻለ እይታ የነበረው አብራሪው ነው፤ ቅኝቱ ግን የእሱ ሥራ አልነበረም።

በ1915 የሰማዩ ሁኔታ ተለወጠ። መትረየስ የጫኑ አውሮፕላኖች በሁለቱም ወገን ሲበዙ፣ ባዶ እጁን የሚበር ቃኚ በቀላሉ የሚመታ ዒላማ ሆነ። መሣሪያ ጨምሮበት መቀጠልም የሚያዋጣ አልነበረም። የመርሴዲስ ሞተሩ ጉልበት 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ባዶውን 723 ኪሎ፣ ተጭኖ ሲነሣ 1071 ኪሎ ይመዝናል፤ በመካከል ያለው ወደ 350 ኪሎ የሚጠጋ ልዩነት ለሁለት ሰዎች፣ ለነዳጅና ለጓዝ የሚውል ነው። ከዚህ ላይ መትረየስ ከነጥይቱ ሲታከል፣ ቀድሞውንም በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር የማይበልጠው ፍጥነት ይበልጥ መቀነሱ አይቀርም። ደግሞስ ፊት ተቀምጦ በክንፍና በሽቦ የተከበበ ሰው ወዴት ይተኩስ? መፍትሔው ሌላ አውሮፕላን መሥራት ሆነ። ቢ.2ን የተኩት የ«ሲ» ክፍል አውሮፕላኖች የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጠመላቸው፤ በእነሱ ላይ ቃኚው ወደ ኋላ ወንበር ተዛውሮ መትረየስ ተሰጠው።

ቢ.2 ግን አልተጣለም። ዝግተኛና ለአያያዝ ገር ስለነበር ለጀማሪ አብራሪ ተስማሚ ነው፤ የጦር ሜዳ ድክመቱ በትምህርት ቤት ጸጋ ሆነለት ማለት ይቻላል። ለዚሁ ሥራ ታስቦ ቢ.2ኤ የተባለው ዓይነት ተሠራ፤ ይህኛው ጠንከር ያለ አካል፣ 120 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና አስተማሪውም ተማሪውም የሚይዙት ጥንድ መሪ ነበረው። በውሃ ላይ እንዲያርፍ በተንሳፋፊ የተሠራ ዓይነትም ነበር። በጦርነቱ ገለልተኛ የነበረችው ስዊድን ቅጂውን ራሷ አምርታ አብራሪዎቿን አሠልጥናበታለች።

በፖላንድ የክራኮው አቪዬሽን ሙዚየም ዛሬ አንድ ቢ.2ኤ ይታያል። ቀድሞ በበርሊን የአቪዬሽን ስብስብ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ ድብደባ እንዲተርፉ ወደ ምሥራቅ ከተጓጓዙት አውሮፕላኖች መካከል ነው። ከጦርነቱ በኋላም እዚያው ፖላንድ ቀርቷል።