«አንተ ሌባ!»፦ ስለ ስድብ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ድሬዳዋ መጣ። ከዚራ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ሳለ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከማዶ አየኝ። «አንተ ሌባ! ሞትክ ሲሉኝ አልነበር እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «አንተ ውሻ፣ ንፍሮህን ሳልበላ የት እሄዳለሁ!» አልኩት። ተቃቀፍን። ዞር ብዬ ሳይ የአክስቴ ልጅ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሽቷል። ልንደባደብ መስሎት ነው።

ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ስድብ የሚያምነውን ሁሉ ዘረገፈልኝ። አብዛኛውን እኔም አንድ ጊዜ አምኜው ነበር። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«የድሬ ሰው ሰው አያከብርም፣ አፉ እንዳመጣለት ነው»

የዚህ ወሬ መነሻ ስድብ እንኳን አይደለም። «አንተ» የምትለው ቃል ነች። ድሬና ሐረር ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት የተለመደ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ የስድሳ ዓመት ሰውዬ «ና ቁጭ በል» ሲል የሰማ እንግዳ ይደነግጣል። ሰውየው ግን ምንም አልተሰማውም። ክብሩን የሚያገኘው ወንበር ሲለቀቅለት ነው፤ ቡናው መጀመሪያ ለእሱ ሲቀዳ ነው።

ስድቡም እንደዚያው ነው። «ሌባ»፣ «ውሻ»፣ «እብድ» ከወዳጅ አፍ ሲወጡ ትርጉማቸው ይገለበጣል። ተሰዳቢው የሚሰማው «አንተ ጋ ስሆን አፌን አልጠብቅም» የሚለውን ነው። እንዲያውም የድሬ ጓደኛህ ድንገት «ወንድሜ፣ እባክህን» ማለት ከጀመረ ጠርጥር። ወይ ተቀይሞሃል፣ ወይ ገንዘብ ሊበደርህ ነው።

ታዲያ ሥርዓት የለውም ማለት አይደለም። ስድብ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት «አንተ ሰነፍ፣ ሁልጊዜ አርፍደህ ነው የምትመጣው» እያለች ሎሚ ትመርቅልኛለች። እኔ መልሼ ሰነፍ ልላት አልችልም። የሰው እናት አትነካም። ብሔር፣ ሃይማኖትና የአካል ጉዳትም አይነኩም። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ከተማ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ይቀዘቅዛል። ጾመኛ ቢሰደብ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ብሎ እንዲያልፍ ነው እስልምና የሚያስተምረው። ክርስቲያን ጓደኛውም አብሮ አፉን ይሰበስባል።

«የሚሳደበው ቃላት ስላጠረው ነው»

ይሄን አስተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ ነግረውናል! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ቲሞቲ ጄይና ክሪስቲን ጄይ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተሹት። ሰዎችን በአጭር ጊዜ የሚያውቁትን ስድብ ሁሉ እንዲጠሩ አደረጉ። ከዚያ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን፣ የእንስሳት ስሞችንም እንዲሁ። ስድብ የበዛላቸው ሰዎች ሌላውም በዛላቸው።

መሳደብ አዋቂ ያደርጋል ማለት አይደለም። ቃል ያለው ሰው ክፉውንም ደጉንም አለው ማለት ነው እንጂ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ቤቱን በስድብ የሚያስቀው ሰውዬና ታሪክ አሳምሮ የሚያወራው ሰውዬ አንድ ሰው ናቸው።

«የሰደበኝ አስቦ ነው»

አንዳንዴ አዎ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር መናገር የማይችል በሽተኛ ገጠመው። ሰውየው በጣም ሲናደድ ግን የፈጣሪን ስም ጠርቶ ይራገም ነበር! ዛሬም በስትሮክ የግራ አንጎላቸው ተጎድቶ ንግግር ከጠፋባቸው ሰዎች መካከል ስድብና እርግማን የሚቀርላቸው አሉ። የረጋ ንግግርን በአብዛኛው የሚመራው የግራው አንጎል ነው። ድንገት የሚያመልጥ ስድብ ግን ከስሜት ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች፣ በቀኙም በኩል፣ መንገድ አለው። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ያሉት አባቶች ብሮካን አላነበቡም፣ ነገሩን ግን አልሳቱትም።

ስለዚህ የታመመ አባታቸው እንግዳ ፊት ሲሳደብ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የሚመኙ ልጆች ካሉ፣ ማፈር አይገባቸውም። ቱሬት የሚባል የነርቭ ሕመም ያለበትን ሰውም «ጋኔን ነው የሚያሳድበው» እንላለን። ጋኔን አይደለም። ደግሞም ከሕመምተኞቹ መካከል ሳይፈልጉ ስድብ የሚያመልጣቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው።

«ስድብ ለምንም አይጠቅምም»

ትንሿን የእግር ጣቱን ከአልጋ እግር ጋር ያጋጨ ሰው ይሄን አይልም። እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሪቻርድ ስቲቨንስና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን እጃቸውን በረዶ በሆነ ውኃ ውስጥ አስነከሩ። አንዴ ስድብ እየደጋገሙ፣ አንዴ ተራ ቃል እየደጋገሙ። ሲሳደቡ ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። በ2020 ደግሞ ስድብ የሚመስሉ አዳዲስ ቃላት ፈጥረው ሞከሩ። የውሸቱ ስድብ ምንም አልፈየደም። እውነተኛው ግን ሕመም የመቻል አቅምን ሲሶ ያህል ጨመረ። «ልጅ እንዳይሰማ በ«ውይ» ልተካው» ለምንል ወላጆች አሳዛኝ ዜና ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ የሚሳደቡ ሰዎች ከዚህ ማስታገሻ የሚያገኙት ጥቅም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ቆጥቦ ለያዘው ነው የሚሠራው።

ለንዴትስ? «ተሳድቤ ይውጣልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2002 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት በላይ ተናደው ነው የወጡት። ጥናቱ ስለ ቡጢ ነው። የእኛ አገር አፍ ከቡጢ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

«በሌላ ቋንቋ ከሆነ ስድብ አይደለም»

ድሬ ላይ ያደገ ልጅ የጎረቤቱን ቋንቋ ከስድቡ ነው የሚጀምረው። ቁጥር መቁጠር እንኳን በኋላ ይመጣል። ስምንት ዓመቴ ላይ ከኳስ ሜዳ አንዲት የሶማሊኛ ቃል ይዤ መጣሁ። ድምፅዋ አሳቀኝ እንጂ ትርጉሟን አላውቅም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ያለ ሱቅ ስኳር ስገዛ ባለሱቁን «ዋሪያ» («አንተ» እንደማለት ነው) ብዬ ጠርቼ ቃሏን ጨመርኩለት። ሰውየው ሚዛኑን አስቀመጠ። ስኳሩንም መልሶ ከጆንያው ውስጥ ደፋው። ማታ እናቴ እጄን ይዛ ወስዳ ይቅርታ አስጠየቀችኝ፤ ከዚያ ቤት ስንገባ የሆነውን አልነግራችሁም።

ነገሩን በላቦራቶሪ ያየችው ካትሪን ሃሪስ ነች። ባልደረቦቿና እሷ በ2003 ባወጡት ጥናት አፋቸውን በቱርክኛ ፈትተው እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ሰዎችን ፈተኑ። መለኪያቸው ቆዳ ላይ የምትወጣ ረቂቅ ላብ ነበረች። በተለይ የልጅነት ተግሣጽ በቱርክኛ ሲሰሙ ቆዳቸው የበለጠ ደነገጠ። በኋላ የተማርነው ቋንቋ ስድብ አፋችን ላይ የሚቀለው ለዚህ ነው። ግን የቀለለው ለእኛ ነው። ባለሱቁ ቃሏን የሰማው በእናቱ ቋንቋ ነበር። ከፊልም የለቀምነውን የእንግሊዝኛ ስድብ በየአረፍተ ነገሩ የምንሰነቅርም እንደዚያው ነን።

«ስድብ ቢያስቀይም እንጂ አያሳስርም»

ያሳስራል። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ስድብን እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 300 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የሚያስቀጣው ግን የተሰደበው ሰው አቤት ሲል ነው። ሕጉም ነገሩን ለተሰዳቢው ጆሮ ትቶታል ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምቶ የገባው ግማሹ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከከዚራ ወደ ሳቢያን ባጃጅ ያዝን። የሹፌሩን ትከሻ መታ አድርጎ «አንተ ሌባ፣ ስንት ነው?» አለው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። በመስታወቱ አየን።

«ወንድሜ፣ እንተዋወቃለን?» አለ በትህትና።

በእግራችን ሄድን። ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ግማሽ መንገድ ላይ የአክስቴን ልጅ እንቅፋት መታው። ያወጣውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ጣቱ ግን ቶሎ የተሻለው ይመስለኛል።