የጭንቅ ቀን ጸሎት በጎንደር

የጭንቅ ቀን ጸሎት ሰው በሕመም፣ በሐዘን፣ በስደት፣ በድርቅ ወይም በጦርነት ጊዜ በግሉ፣ በቤተሰቡና በደብሩ የሚያደርሰው ጸሎት ነው። የጎንደር ክርስቲያን አብዛኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ስለሆነ ሥርዓቱም በዋናነት የእርሷ ነው። ጸሎቱ መከራ ሲመጣ የሚፈለሰፍ አይደለም። ቃሉ በደኅና ጊዜ ይጠናል፣ በአፍ ይገባል፣ ክፉው ቀን ሲደርስ ይደገማል። መጸለይ አቃተኝ የሚል ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ የጎደለው እምነት ሳይሆን ይህ ቀደም ብሎ የሚቀመጥ ስንቅ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት ከተማ በአርባ አራቱ ታቦቶቿ ትጠራለች። የዚያኑ ያህል መከራም አይታለች። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻ ተዘርፋ ተቃጥላለች። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ፣ ማለትም የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ ገብቶ ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናት በእሳት አጋይቷል። አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሯት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች። ሕዝቡ እንደሚተርከው የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን ስላባረረ ነው። ጣሪያዋ ላይ በረድፍ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም ወደ ታች እንደተመለከቱ ናቸው፣ የተጨነቀም ከበታቻቸው ይቆማል። በድርቡሽ ወረራ ዘመን የከብት እልቂትና ረኃብም መጣ። ዘመኑን ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይለዋል።

እንዲህ ያለ የጋራ መከራ ሲመጣ የሚታወጀው ጸሎት ምሕላ ይባላል። ጠቅላላውን ቤተ ክርስቲያን የሚመለከት ከሆነ ቅዱስ ሲኖዶስ ያውጀዋል፤ የአንድ አካባቢ ጉዳይ ከሆነ ሀገረ ስብከቱ ወይም ደብሩ ያዝዛል። በዐውደ ምሕረቱ ላይ ካህኑ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብሎ ይጀምራል፣ ሕዝቡም ይቀበላል። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋችው እናት፣ ጋቢውን የተከናነበው ሽማግሌ፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘው ተማሪ በአንድ ድምፅ ይላሉ፤ በየመሐሉ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዳሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 41 ነው። መቁጠሪያ ያለው በመቁጠሪያው፣ የሌለው በጣቱ አንጓ ይከተላል። ከሃያኛው «እግዚኦ» በኋላ ማልቀስ የሚጀምር አይጠፋም፤ አስተባባሪ ነጋሪ ሳያስፈልገውም ድምፁ ራሱ ከፍ ይላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ አንዲቷን ዐረፍተ ነገር ይዞ ከሌላው እኩል ይጸልያል።

ከዓመቱ አጽዋማት መካከል ይህን መንፈስ በይበልጥ የያዘው ጾመ ነነዌ ነው። የነነዌ ሰዎች በዮናስ ስብከት የተመለሱበትን ታሪክ መሠረት አድርጎ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጾማል። በ2015 ዓ.ም. በጳጳሳት ሹመት ሰበብ በቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ላይ ችግር በተነሣ ጊዜ ሲኖዶሱ ምእመናን በእነዚህ ሦስት ቀናት ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ጥሪ አቅርቦ ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ መሰብሰቡ ራሱ አስጊ ሆነና ምሕላው ለብዙዎች በቴሌቪዥን ደረሰ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ዳዊት ያለው ሰው ምንኛ ዕድለኛ እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም።

የግል ጸሎቱን ለመረዳት ከዳዊት መጀመር ይገባል። በቀድሞው ትምህርት ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል ያነባል፣ በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። ያን ጊዜ የሚዘጋጀው ድግስ ንባቡን የመፈጸሙ ምልክት ብቻ ሳይሆን ለመላው ሕይወቱ የጸሎት መጽሐፍ የማግኘቱ ምልክት ነው። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ይከፋፈላል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ የቀረው፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ። የየቀኑ ውዳሴ ማርያምም በዚሁ ሥርዓት ይከተለዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ማድረስ ለሠራተኛ ሰው ከባድ ነው፤ ብዙዎች አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ ይዘው ይወጣሉ።

በጭንቅ ጊዜ ግን ሰው መርጦ ይደግማል። ወረርሽኝ ወይም የሌሊት ፍርሃት ሲያስጨንቀው «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»ን፣ ማለትም 90ኛውን ያነሣል። በደል የከበደው 50ኛውን፣ «ተሣሃለኒ»ን (ማረኝ) ይላል። የምሬቱ ጸሎት 12ኛው ነው፦ «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ»፤ አቤቱ እስከ መቼ ትረሳኛለህ። በጸሎት ማጉረምረም ነውር የሚመስለው ሰው ይህን መዝሙር ቢያነብ ይረዳዋል፤ ንጉሥ ዳዊት ራሱ አምላኩን «ረሳኸኝ» ብሎ ይወቅሳል፣ ስድስት ቁጥር ሳይሞላም ወደ ምስጋና ይመለሳል። ቁጥሮቹ የግእዙ ናቸው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 50ኛውና 90ኛው 51ኛና 91ኛ ሆነው ይገኛሉ።

ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ሰባት ጊዜያትን ትደነግጋለች፤ ከነግህ (ከጠዋት) እስከ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። አቋቋሙም የተለመደ ነው፦ ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ ጫማ አውልቆ፣ በትእምርተ መስቀል አማትቦ በ«በስመ አብ» ይጀመራል፤ ጸሎተ ሃይማኖትና አቡነ ዘበሰማያት ይከተላሉ። ስግደት በቅዳሜና በእሑድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት አይሰገድም። ሕመምተኛ ተኝቶ ቢጸልይ የሚከለክለው የለም፤ የሐና ጸሎት ከንፈር ከማንቀሳቀስ አላለፈም፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ቢጠረጥራትም።

ከበድ ያለ ችግር ያለበት ሰው ሱባኤ ይይዛል። ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከዘመድና ከሥራ ተለይቶ በቆሎና በውኃ ይቆያል። የግል፣ የማኅበርና የአዋጅ ሱባኤ አለ። በራስ ፈቃድ ብቻ መግባት አይመከርም፤ የንስሐ አባት አቅሙን አይቶ ይወስንለታል። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ዝናቡ ሳያቋርጥ እየጣለ ብዙ ሰው በየደብሩ ይውላል፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ የሚሰማበት ወቅት በመሆኑ ለአዋቂ ተማሪ ከዓመቱ ሁሉ ይሻላል። ጎንደር የአንድምታ ትርጓሜ ከተማ ናትና መምህሩ አንዲቱን ቃል «አንድም» እያለ ሲዘረዝር ለሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል።

ከጸሎቱ በፊት ግን እርቅ ይጠየቃል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት ከማንኛውም ስብከት በላይ ይጠቀሳል፤ የንስሐ አባቶችም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ከጎረቤት ጋር ስላለ ጠብ ነው።

ጭንቅ ያለበት ቦታ የጭንቅ ነጋዴም ይኖራል። በብራና ተጽፎ በአንገት የሚታሰር ክታብ፣ ስሙ የማይታወቅ አስማት፣ «ለዚህ ችግር ይህን ድገም» የሚል ወረቀት በገበያ አይታጣም። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ ሆኖም ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። መለያው ቀላል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጸሎት አምላክን ይለምናል፣ ክታብ ደግሞ ማዘዝ ይፈልጋል። ጠበልን ከዚህ ጋር መደባለቅ ስሕተት ነው፤ ጠበል ካህን ጸሎት አድርሶ፣ በመስቀል ባርኮ የሚጠመቁበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ሐኪም ቤትን የሚተካ ነው ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን የካህናቱ ትምህርት አይደለም።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በከተማዋ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ጸሎታቸው በአማርኛ፣ በራስ ቃልና ብዙ ጊዜ በኅብረት ድምፅ ይደረጋል፤ የመዝሙረ ዳዊት ንባብ ግን ለሁለቱም ወገን የጋራ ነው።

ከጭንቁ የወጣ ሰው ስእለቱን ያስገባል፤ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ ወይም ዕጣን። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት በተሳሉበት ታቦት ንግሥ ዕለት ነው። ከአቅሙ በላይ ተስሎ መክፈል ያቃተው ሰው ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ እርሱም ነገሩን አይቶ በአቅሙ መጠን ሊያስተካክልለት ይችላል።