የኮራል አኳሪየምና ናይትሬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለዓሣ የተሰጠ ምግብ ተበላም ተረፈም መጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት፣ በመጨረሻም ናይትሬት ይሆናል። ይህን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ባለበት ሁሉ ስለሚባዙ ችግር የለባቸውም። ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት ግን ኦክስጅን የማይደርስበት ጥግ ይፈልጋሉ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ናይትሬት የሚጠራቀመው ለዚህ ነው። በሱቅም ሆነ በአርቢዎች መካከል ስለሱ ከሚባለው ግን ብዙው ሲመረመር ልክ ሆኖ አይገኝም።

"ናይትሬት ዜሮ መሆን አለበት"

መነሻው ልክ ነው። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር በሞቃቱ ወራት ከላይኛው ውሃ ናይትሬት ቢፈለግ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን እዚያ ማዕበሉ ቀንና ሌሊት ፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ያመጣል፣ ኮራሉም ናይትሮጅኑን ከዚያ ይበላል። ሳሎን ያለው ሣጥን ይህን የሚያመጣለት የለውም። ናይትሬትና ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ሌላው ንጥረ ምግብ) አብረው ሲጠፉ ኮራሎች ይገረጣሉ፣ እድገታቸውም ይቆማል። ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ፣ ልጋግ የሚመስል፣ አረፋ ያቆረ ነገርም ተፎካካሪ ሲያጣ አሸዋውን ይወርሳል። አንዳንዱ ዝርያው መርዛም ስለሆነ መስታወት የሚያጸዱትን ቀንድ አውጣዎች ይገድላል።

ለተደባለቀ ኮራል ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር ናይትሬትና ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ፎስፌት ይመቻል። ለስላሳ ኮራሎች ናይትሬቱ 20 ቢደርስም አይከፋቸውም። ናይትሬት ከዜሮ አልነሣ ካለ መጨመርም ይቻላል፦ 0.55 ግራም ንጹሕ ሶዲየም ናይትሬት በተጣራ ውሃ ሟሙቶ 200 ሊትር ውስጥ ሲገባ 2 ሚሊግራም በሊትር ያህል ከፍ ያደርገዋል።

"በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ መቀየር ይበቃል"

ይበቃ እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። ናይትሬት 40 ላይ ሳለ 10 በመቶው ውሃ ቢቀየር 36 ይቀራል። ሳምንቱን ሙሉ በሚሰጠው ምግብ 4 ከጨመረ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ 40 ነው። ባለቤቱ ለወራት ባልዲ ሲያመላልስ ቆይቶ ቁጥሩ ንቅንቅ አለማለቱ ይገርመዋል፤ ግን ሌላ ውጤት ሊመጣ አይችልም ነበር።

ናይትሬቱ የት ላይ እንደሚረጋ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፦ የሳምንቱን ጭማሪ በሚቀየረው የውሃ ድርሻ ማካፈል ነው። 4 ለ0.1 ሲካፈል 40 ነው። 20 በመቶ የሚቀየር ከሆነ 4 ለ0.2፣ ማለትም 20። የራስን ሣጥን ጭማሪ ለማወቅ ውሃ በተቀየረ ማግስት ይለኩ፣ ከሳምንት በኋላ ከሚቀጥለው ቅየራ በፊት ደግመው ይለኩ፣ ልዩነቱን ይያዙ።

ከፍ ያለውን ለማውረድ ትልልቅ ቅየራ ያስፈልጋል። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ 50 በመቶ ቢቀየር 40 ወደ 20፣ 20 ወደ 10 ይወርዳል። ሲቀየር ኮራሉን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የአዲሱ ውሃ አለመመሳሰል ነው፦ ጨዋማነቱ (35 ግራም በኪሎ ገደማ)፣ ሙቀቱና አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከነባሩ ጋር ይስተካከል።

ጨው የሚበጠበጥበት ውሃም ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ገደብ 50 ሚሊግራም በሊትር ነው። ስለዚህ ለሰው ደህና የሆነ የቧንቧ ውሃ ራሱ ናይትሬት ጭኖ ሊመጣ ይችላል። በሪቨርስ ኦዝሞሲስ (ውሃውን በረቂቅ ስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና በሬዚን ተጣርቶ የቲዲኤስ ሜትር (በውሃ የሟሟ ነገር መለኪያ) ዜሮ የሚያነብበትን ውሃ ይጠቀሙ።

"መመርመሪያዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ቁጥር ነው"

አንዳንዱ የሚያነበው ናይትሬቱን ነው፣ አንዳንዱ በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ። ሁለተኛው ከሆነ ንባቡ በ4.43 ይባዛል። 5 ያነበበ ሰው በእውነት ያለው 22 ነው። አዲስ ሣጥን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ለውጠው ስለሚለኩት፣ ውሃው ውስጥ አስቀድሞ ናይትራይት ካለ ንባቡ ከልክ በላይ ያብጣል። ናይትራይት ዜሮ ከመሆኑ በፊት በናይትሬት ንባብ መደንገጥ ከንቱ ነው። ቆይቶ የተቀመጠ የመመርመሪያ ጠርሙስም ዝቃጩ እስኪነሣ በደንብ ሳይናጥ ጠብታው አይታመንም።

"ባዮ ቦል የናይትሬት ፋብሪካ ነው"

ባዮ ቦል ባክቴሪያ እንዲያድርበት ማጣሪያ ውስጥ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ኳስ ነው፤ ፋብሪካው ግን ምግቡ ነው። 45 በመቶ ፕሮቲን ያለው 1 ግራም ደረቅ ምግብ ውስጥ 72 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን አለ፣ ፕሮቲን በክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ስለሆነ። ይህ ሁሉ ናይትሬት ቢሆን 319 ሚሊግራም ነው፤ በየቀኑ 1 ግራም ከተሰጠ፣ በ200 ሊትር ሲካፈል በቀን 1.6፣ በሳምንት 11 ሚሊግራም በሊትር። ከፊሉ የዓሣው ሥጋ ይሆናል፣ ከፊሉን ስኪመሩ (በአየር አረፋ ቆሻሻን ከውሃ የሚለይ መሣሪያ) ያወጣል፣ ስለዚህ ይህ ጣሪያው ነው። ቢሆንም በጣት ቆንጥሮ የሚመግብ ሰው ቆንጥሩን አንዴ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው። ባዮ ቦልም ሆነ ስፖንጅ ከዚህ በላይ ናይትሬት መፍጠር አይችሉም። ጥፋታቸው ቆሻሻ ይዘው ማበስበሳቸው ነው፣ መፍትሔውም በየሳምንቱ በወጣው የጨው ውሃ ማለቅለቅ።

"አክቲቬትድ ካርቦኑ፣ የፎስፌት ማጣሪያው፣ ስኪመሩ ያወጡታል"

ካርቦኑ ቀለምና ሽታ ይይዛል፣ የፎስፌት ማጣሪያው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ ፎስፌት። ናይትሬትን አንዳቸውም አይነኩትም። ስኪመር ፕሮቲኑን ሳይበሰብስ ያወጣል እንጂ አንዴ የተፈጠረውን ናይትሬት አይዝም። ለጨው አልባ ውሃ የሚሸጠው ናይትሬት ያዥ ሬዚንም በጨው ውሃ ውስጥ በክሎራይድና በሰልፌት ስለሚጨናነቅ አይረባም።

"ኬቶሞርፋ ካለ ናይትሬቱ ይጠፋል"

ኬቶሞርፋ ናይትሬት እንዲበላ የሚያድግ ክር መሰል አልጌ ነው። ናይትሬቱ የሚጠፋው ግን አልጌው ታጭዶ ከሣጥኑ ሲወጣ ነው። ሳይታጨድ ታጭቆ የታችኛው ብርሃን ካጣ በስብሶ የበላውን ይመልሳል። በየሁለት ሳምንቱ ሲሶውን ማንሣት ነው።

"አቼቶ ወይም ቮድካ የጨመረ ዓሣውን ይገድላል"

አቼቶ ወይም ቮድካ የሚጨመረው ናይትሬትን ለማውረድ ነው። ይህንን የሚሉም፣ "ዛሬ ጨምረህ ነገ ዜሮ ታገኛለህ" የሚሉም ተሳስተዋል። አቼቶው ናይትሬቱን ራሱ አያጠፋውም። ባክቴሪያዎች አቼቶውን በልተው ሲባዙ ለሰውነታቸው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ስኪመሩ ባክቴሪያዎቹን ያወጣል። ሲባዙ ኦክስጅን ስለሚጨርሱ ያለ ስኪመር አይጀመርም። ፎስፌት ዜሮ ከሆነም ባክቴሪያው አይባዛም፣ ናይትሬቱ ባለበት ይቆማል፤ ብዙ ሰው "አልሠራልኝም" የሚለው እዚህ ላይ ነው።

5 በመቶ የሆነ ነጭ አቼቶ ለ100 ሊትር በቀን 0.8 ሚሊሊትር ይጀመራል። 40 በመቶ ቮድካ ስምንት እጥፍ ስለሚበረታ 0.1 ሚሊሊትር ይበቃል። ጠዋት፣ በስሪንጅ፣ ስኪመሩ ውሃ በሚስብበት አጠገብ ይንጠባጠባል። በየሳምንቱ በመነሻው መጠን ልክ ይጨመራል እንጂ አይቸኮልም፤ ንባቡ መውረድ ሲጀምር ጭማሪው ይቆማል፣ የተፈለገው ቁጥር ላይ ሲደርስ ወደ ግማሽ ይቀነሳል። ውሃው ወተት የነካው ከመሰለ ወይም ቧንቧዎቹ ላይ ነጭ ልጋግ ከታየ በዝቷል፦ የዚያን ቀን ይተውት፣ አየር ጨምረው ይንፉበት፣ ሲጠራ በግማሹ ይቀጥሉ። ናይትሬት ዝቅ ባለበት ሣጥን አልካሊኒቲ ከ7 እስከ 8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ዲግሪ) ይያዝ፤ 10 እና 11 ላይ ከቆየ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ጫፎቹ ይቃጠላሉ።