«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ ከኑዛዜ ጋር ምን አገናኘው?

ይህን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «መድኃኒት የለውም» ብሎ ያሳጥረዋል። ፍቺው ቀላል ነው፤ ያመመህን ካልተናገርክ ማንም ሊረዳህ አይችልም። ለዕዳም፣ ለትዳር ጭቅጭቅም፣ ለሱስም ይተረታል። እኛ እኮ ካርድ አውጥተን ግማሽ ቀን ተሰልፈን ስንገባ፣ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የምንል ሰዎች ነን።

የሚገርመው ግን የዚህ ተረት መንታ ወንድም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ኑዛዜ በምታስተምረው ውስጥ መኖሩ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቅዱስ ጀሮም፣ መጽሐፈ መክብብን ሲያብራራ 10፥11 ላይ ስለሚናደፈው እባብ ይደርሳል። እባቡ ሰይጣን ነው ይላል። በስውር የተነደፈው በሽተኛ ቁስሉን ለሐኪም ማሳየት ካፈረ፣ መድኃኒት የማያውቀውን አያድንም። በ1551 (እ.ኤ.አ.) የትሬንት ጉባኤ የተባለው የካቶሊክ ጳጳሳት ስብሰባ ስለ ምሥጢረ ንስሐ ሲደነግግ ይህንኑ አባባል አንስቷል። የእኛ ተረት ከዚያ መጣ እያልኩ አይደለም። የታመመ ሰው የትም አገር ያፍራል።

ታዲያ እግዚአብሔር ሁሉን ያውቅ የለ? ምን ይነገረዋል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚከራከረው፤ እውነት ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው። የካቶሊክ መልስ፣ ኑዛዜ ለእግዚአብሔር ወሬ ማቀበል አይደለም የሚል ነው። ይቅር የሚለው እርሱ ነው፤ ካህኑ አገልጋይ ነው። ግን ክርስቶስ ለሐዋርያት «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብቻ ብሎ አላቆመም፣ «የያዛችሁባቸው ተይዞባቸዋል» ብሎ ጨምሯል (ዮሐንስ 20፥23)፤ መፍታትም መያዝም የተሰጠው ሰው ደግሞ ነገሩን ሳይሰማ እንዴት ይፈርዳል? በ1215 (እ.ኤ.አ.) ሌላው የካቶሊክ ጳጳሳት ስብሰባ፣ የላተራን ጉባኤ፣ ምእመናን ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዙ ሲያዝ፣ ካህኑን በቁስል ላይ ወይንና ዘይት ከሚያፈስ ብልህ ሐኪም ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው።

ተረቱ ላይ «የደበቀ» የሚለው ቃል ደግሞ እዚህ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል። በካቶሊክ ትምህርት አንድ ሰው ከባድ ኃጢአቱን እያወቀ ቢሸሽግ፣ የሸሸገው ብቻ አይደለም የሚቀርበት፣ ኑዛዜው ራሱ ዋጋ ያጣል። የረሳ ግን ሌላ ነው። ልቡን መርምሮ፣ ተጸጽቶ፣ ከአእምሮው የወጣውን ሳይናገር ቢቀር ያም አብሮ ይሰረይለታል፤ ትዝ ሲለው በሌላ ጊዜ ይናገረዋል። ጸጸት ከሌለ ደግሞ ዝርዝሩን ሁሉ መዘብዘብ ከንቱ ነው። ከኑዛዜው በኋላ የሚሰጠው ቅጣት የምንለው ነገርም፣ ጸሎት ይሁን ጾም ይሁን ምጽዋት፣ የይቅርታ ክፍያ አይደለም። ቁስሉ እንዲሽር ነው። የሰረቀ ግን መመለስ አለበት፣ ያ በጸሎት አይተካም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ ቃሉ ነው። በግእዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነው፤ «ናዛዚ» አጽናኝ ነው። «ተናዘዘ» ውስጥ መጽናናትም ኃጢአትን መናገርም አብረው አሉ። ዛሬ ኑዛዜ ስንል ወይ የውርስ ወረቀት ወይ የፖሊስ ጣቢያ ቃል ይመጣብናል፣ ሥሩ ግን ማጽናናት ነው። ካቶሊኮችም ኦርቶዶክሶችም በአማርኛ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ቃል ነው።

ተረቱ የማይነካው አንድ ነገር አለ። በሽታህን ለሰው ስትነግር ነገ ሰፈሩ ይሰማው ይሆን ብለህ ትፈራለህ፤ አብዛኛው ሰው የሚደብቀውም ለዚሁ ነው። የካቶሊክ ካህን ግን በኑዛዜ የሰማውን በምንም ምክንያት ለማንም መናገር አይችልም። ምስጢሩን በቀጥታ ካወጣ፣ ማንም ፍርድ ሳይሰጥ ወዲያውኑ ከቤተ ክርስቲያን ይወገዛል።

ፖፕ ፍራንሲስም ቢሆኑ ተንበርክከው ነው የተናዘዙት። በመጋቢት 2014 (እ.ኤ.አ.) በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የንስሐ ሥርዓት ላይ ሌሎችን ሊያናዝዙ ሲሄዱ፣ መጀመሪያ ወደ አንድ ካህን ሄዱና ሰው ሁሉ እያያቸው ፊቱ ተንበረከኩ።